«የበረራ ቱታ»፦ ለ«ፍላይንግ ሱት» የቀረበ አቻ ቃል

«ፍላይንግ ሱት»ን «የበረራ ልብስ» ማለት ይቻላል፤ ግን የአውሮፕላን አስተናጋጆች ዩኒፎርምም የበረራ ልብስ ነው። «የበረራ ሱፍ» ብንለው ደግሞ ሙሽራ ይመስላል። ስለዚህ «የበረራ ቱታ» ይሻላል፦ ጣሪያ በሌለው አውሮፕላን የሚበሩ አብራሪዎች ከሌላው ልብሳቸው በላይ የሚደርቡት፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ ልብስ።

ልብሱ ከሁሉ በላይ ያስፈለጋቸው በአውሮፕላን ፖስታ አመላላሾቹ ናቸው። አሜሪካ መደበኛ የአየር ፖስታ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1918 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዋናው አውሮፕላን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈው ዲኤች-4 ሆነ። አብራሪው ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ በበረዶው ወራት ጣቶቹ መሪውን መጨበጥ እስኪያቅታቸው ይደነዝዛሉ። የፖስታ አብራሪው ጃክ ናይት በፌብሩዋሪ 1921 ከኖርዝ ፕላት በኦማሃ በኩል እስከ ቺካጎ ሌሊቱን የበረረው እንዲህ ሆኖ ነው፤ መሬት ላይ የተለኮሰ እሳት መንገድ እያሳየው። ከውስጥ ጸጉር ያለው የቆዳ ልብስ፣ ጆሮ የሚሸፍን የቆዳ ቆብ፣ መነጽር፣ ረጅም ጓንት የግድ ነበሩ። ፊልም ላይ እንደ ጌጥ የሚውለበለበው የሐር ሻርፕም ሥራ ነበረው፦ አብራሪው ዘወትር ግራ ቀኝ ስለሚያይ አንገቱ በኮሌታው እንዳይላጥ ይከላከላል።

«ቱታ»ን ያስመረጠን ግን የሲድኒ ኮተን ታሪክ ነው። አውስትራሊያዊው አብራሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሞተር ሲጠግን በነበረበት ቱታ ድንገት ተነሥቶ በረረ። ሲመለስ ጓደኞቹ በብርድ ሲንቀጠቀጡ እርሱ ደህና ነው። ጨርቁን ያራሰው ዘይትና ግራሶ ነፋሱን አላሳልፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ከላይ ቀላል ጨርቅ፣ መሐል አየር የማያሳልፍ ሐር፣ ከውስጥ ጸጉር ያለው ልብስ አሰፋ፤ ስሙም ከራሱ ስም «ሲድኮት» ተባለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኮተን ራሱ በበረዷማው ኒውፋውንድላንድ ፖስታ በአውሮፕላን አመላልሷል። እንግዲህ የጋራዥ ልብስ ስም ለአብራሪ አይመጥንም የሚል ካለ፣ ልብሱ ራሱ የተወለደው ከጋራዥ ነው።

አጠቃቀም፦ «ፖስታ አመላላሹ ሊንድበርግ በ1926 ሁለት ጊዜ ከአውሮፕላኑ ሲዘል፣ ያዳነው ከበረራ ቱታው በላይ የታጠቀው ፓራሹት ነው።» የጠፈርተኞች ልብስ ግን በውስጡ የአየር ግፊት ስለሚይዝ በዚህ ስም አይጠራም።