ማትሪክ፣ ማደሪያ እና የአንኮበር ልጅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር «የድሮ ተማሪ ጎበዝ ነበር፣ የዛሬው ሰነፍ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ ደግሞ ታሪኩን ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ረዘም ይላልና ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ለኮሌጅ የሚያበቁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እና ከሱ ቀጥሎ የመጣው ጄኔራል ዊንጌት ስማቸው የገነነው በመምህሮቻቸው ብቻ አይደለም። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ልጅ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል። «ዛሬ ምን እበላለሁ?» የሚል ሐሳብ የለበትም፤ ሐሳቡ ትምህርቱ ላይ ነው።

ከዚያ ማትሪክ መጣ። አባቶቻችን ስሙን ሲሰሙ እስከ ዛሬ የሚደነግጡለት ማትሪክ! ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉበት የአምስት ትምህርት ጥሩ ውጤት ይጠየቅ ነበር። መንግሥት ግን ፈተና አውጥቶ ብቻ አልተቀመጠም። በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ሥር የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍል የጨረሱ ጎበዝ ተማሪዎች እየተመረጡ ይመጡና 12ኛን እዚያ ይማራሉ። ልብ በሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ልጁ በሩን እስኪያንኳኳ አልጠበቀም። አገር ቤት ድረስ ፈልጎት፣ ወስዶት፣ አንድ ዓመት አዘጋጀው።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። ደብረ ብርሃን በአርበኛው ስም የተሰየመው ኃይለማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ለሰሜን ሸዋ ልጅ ትልቁ መሰላል ነበር። ግን መሰላሉ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ማደሪያ ያስፈልጋል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግር ተመላልሰው አይማሩም። ስለዚህ የገጠሩ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፣ ከቤት በሶ፣ ቆሎና የሽሮ ዱቄት ተሸክሞ ይመጣል፣ ራሱ ያበስላል፣ ስንቁ ሲያልቅ ተመልሶ ይሄዳል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ! የዚህ ልጅ የጥናት ሰዓት የሚቆጠረው ከሥራው የተረፈው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። በአገሪቱም ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆኑ። «እንግዲህ በሩ ተከፈተ» አልን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ግን ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ያሳለፉት ደግሞ 7 ብቻ ሲሆኑ፣ ከነሱ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ድሮ ዩኒቨርሲቲው ልጁን ለአንድ ዓመት አስገብቶ አዘጋጀው፤ ዛሬ ለጥቂት ቀናት አስገብቶ ፈተነው። ልዩነቱ ይታያችኋል?

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ወንፊቱ እየጠበበ ነው። በዚያ ላይ የኛ ክልል ልጅ ጦርነት ትምህርቱን እያቋረጠበት፣ ትምህርት ቤቱ የተፈናቃይ መጠለያ እየሆነ፣ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ ነው ለፈተና የሚቀርበው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ። ተማሪዎቹን ለውጭ አገር ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር የሚያዘጋጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ አቅም ለሌላቸውም የገንዘብ ድጋፍ ያደርጋል። ከመሥራቾቹ አንዷ ርብቃ ኃይሌ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናት። ፕሮፌሰሩ ሸንኮራ ተወልደው፣ ካይሮ ተምረው፣ በ1954 ዓ.ም. ጀርመን ቱቢንገን ላይ ዶክትሬታቸውን የያዙ የግእዝ ሊቅ ነበሩ። የሸንኮራ ልጅ ዕድል ሲያገኝ የት እንደሚደርስ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ስለዚህ የኔ ነጥብ አንድ ነው። የድሮው ጎበዝ ከሰማይ አልወረደም፤ አልጋ፣ ምግብ፣ መብራትና መጽሐፍ ተሰጥቶት ነው። ሁሉም ትምህርት ቤት አዳሪ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ አይቻልምም። ግን በየወረዳው ለ11ኛና 12ኛ ክፍል የገጠር ልጆች አንድ ማደሪያ፣ ማታ የማይዘጋ አንድ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ያቅተናል? ዕድሩ፣ ነጋዴው፣ ውጭ ያለው ወገን ለድንኳንና ለወንበር ሲያዋጣ ኖሯል፤ ለአልጋና ለአምፖል ማዋጣት አያቅተውም።

በዕደ ማርያም የተማራችሁ ወይም ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እስኪ እንዴት እንደነበር ጻፉልን። ልጆቹ ያንብቡት።