የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ፦ ባለ «ሊ» እና ያለ «ሊ»

በእንግሊዝኛ አብዛኛው ተውሳከ ግስ የሚገኘው በቅጽል ላይ «ሊ» የተባለውን ቅጥያ በመጨመር ነው፤ ከ«ኩዊክ» (ፈጣን) «ኩዊክሊ» (በፍጥነት) ይወጣል። «ፋስት»ን የመሰሉ ጥቂት ቃላት ግን መልካቸውን ሳይለውጡ ቅጽልም ተውሳከ ግስም ይሆናሉ። እነዚህ «ጠፍጣፋ ተውሳከ ግስ» የተባሉ ሲሆን፣ ስያሜው የኦክስፎርድ ምሁር የነበረው ጆን ኧርል እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

አመጣጥ

የቋንቋው ታሪክ አጥኚዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙበት፣ የ«ሊ» መነሻ በጥንታዊው እንግሊዝኛ አካልን ወይም ሬሳን ያመለክት የነበረው «ሊች» የተባለ ስም ነው። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ ከዕለት ንግግር ወጥቷል። በእንግሊዝ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ግን ቄሱ ወጥቶ እስኪቀበለው ድረስ አስከሬን ያርፍበት የነበረው ባለ ጣሪያ የቅጥር በር ዛሬም «ሊችጌት» ይባላል። ስሙ ወደ ቅጥያነት ሲለወጥ «የዚያ ነገር መልክ ያለው» የሚል ስሜት ይዞ ቅጽል መሥራት ጀመረ። «ፍሬንድሊ» (ወዳጃዊ) እና «ኧርዝሊ» (ምድራዊ) «ሊ» እያላቸው ዛሬም ቅጽል የሆኑት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በ«ሊ» ያለቀ ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው ብሎ ማስተማርም ስለዚህ ስሕተት ነው።

ከቅጽል ተውሳከ ግስ ለማውጣት ጥንታዊው እንግሊዝኛ በቃሉ መጨረሻ አጭር አናባቢ ይጨምር ነበር፤ «ሄአርድ» ጠንካራ፣ «ሄአርዴ» ደግሞ በጥንካሬ ማለት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ይህ አናባቢ ቀስ በቀስ ከአነጋገር ጠፋና ቅጽሉና ተውሳከ ግሱ በድምፅ አንድ ሆኑ። «ሊ» ዋናው ምልክት ሆኖ የተስፋፋው በዚህ ሂደት ነው። እንግዲህ «ፋስት» እና «ሀርድ» በስንፍና «ሊ» የተቆረጠባቸው ቃላት አይደሉም፤ የራሳቸው የቆየ ታሪክ ያላቸው ተውሳከ ግሶች ናቸው።

ውዝግብ

በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው አጭር ሰዋስው፣ ቅጽልን በተውሳከ ግስ ቦታ ማስገባት ለቋንቋው ጠባይ አይስማማም ሲል ጻፈ፤ ለማስረጃም ከሼክስፒር ሳይቀር ምሳሌ ጠቀሰ። የሊንድሊ ሙሬይ የ1795ቱ ሰዋስው ከላውዝ ብዙ የወሰደ ነበርና፣ ይኸው መንፈስ በእንግሊዝም በአሜሪካም ትምህርት ቤቶች ተዳረሰ። ፍርዱ ከላይ ለተጠቀሱት ጥንታዊ ቃላት አይገባቸውም። ይሁንና ላውዝ ከነቀፋቸው መካከል እንደ «ኤክሰለንት» ያሉት ከፈረንሳይኛ የገቡ ስለሆኑ፣ ያ የጠፋ አናባቢ አልነበራቸውም፤ በእነሱ ላይ ያነሣው ጥያቄ ቢያንስ መሠረት ነበረው። ክርክሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል፤ የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 «ቲንክ ዲፈረንት» የሚል መፈክር ሲያወጣ «ሊ» ጎድሎታል የሚሉ ተነሥተዋል።

አመራረጥ

ሁለቱም ቅርጽ ባለበት ቃል፣ ትርጉሙ አንድ መሆኑ አስቀድሞ ሊጣራ ይገባል። «ስሎው» እና «ስሎውሊ» ሁለቱም «በዝግታ» ናቸው፤ ሆኖም አጭሩ ከግስ በኋላ እንጂ ከግስ በፊት አይገባም፣ ይበልጥ የሚስማማውም ለንግግርና ለመንገድ ምልክት ነው። በ«ሀርድ» እና በ«ሀርድሊ» መካከል ያለው ልዩነት ግን ከባድ ነው፦ «ሺ ወርክድ ሀርድ» ተግታ ሠራች ሲሆን፣ «ሺ ሀርድሊ ወርክድ» ሠራች ለማለት ያስቸግራል እንደማለት ነው። «ሌት» ዘግይቶ፣ «ሌትሊ» ሰሞኑን፤ «ኒር» አጠገብ፣ «ኒርሊ» ደግሞ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

«ሆፕፉሊ»

ውዝግብ የሚነሣው «ሊ» በሌላቸው ቃላት ላይ ብቻ አይደለም፤ «ሆፕፉሊ» ሙሉ ዓረፍተ ነገርን የሚገልጽ ተውሳከ ግስ ሆኖ «ተስፋ እናደርጋለን» በሚል ስሜት መግባቱ በተለይ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ሲነቀፍ ቆይቷል። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ይህን አገባብ በአጻጻፍ መመሪያው የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ

አማርኛ ያሉት ራሳቸውን የቻሉ ተውሳከ ግሶች ጥቂት ናቸው፤ «ቶሎ»፣ «ገና» እና «ክፉኛ» ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የቀረውን «ተግቶ»፣ «ቀስ ብሎ»፣ «በፍጥነት» በመሰሉ አገባቦች ይገልጻል። በዚህም ሳይሆን አይቀርም፣ ተማሪ በእንግሊዝኛም ሁልጊዜ ምልክት ያስፈልጋል ብሎ፣ «ተግቶ» ለማለት ፈልጎ «ሀርድሊ» ሲጽፍ የሚታየው።