በውርጌሳ አካባቢ ስለ ትንንሽ አራዊት አደን

ስለ አደን የተጻፈውን የአገራችንን ታሪክ የሚመረምር ሰው በብዛት የሚያገኘው የዝሆንን፣ የአንበሳን፣ የጎሽንና የአውራሪስን ነገር ነው። ስለ ጥንቸል፣ ስለ ሽኮኮ፣ ስለ ጃርትና ስለ ሚዳቋ የሚናገር ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዝሆን ካየው ሰው ይልቅ ጥንቸል ያባረረው ይበዛል። እኛም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የሐብሩን ውርጌሳ መነሻ አድርገን፣ ይህ ዝምታ ከምን እንደ መጣ ለመመርመር እንሞክራለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ክብር ነው። በቀድሞው ሥርዐት ግዳይ ማለት ምስክር የሚቆምለት፣ የሚፎከርበትና የሚያሸልም ሥራ ነበረ። ጥንቸል ገድሎ የፎከረ ሰው ቢኖር መሣቂያ ከመሆን በቀር ትርፍ አያገኝም። በዚህ ላይ ጥይት ውድ ነበረ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና፣ ለትንሽ አውሬ መተኰስ ገንዘብን በዱር መበተን ማለት ነበረ። ስለዚህ ትንሹ አደን ለዱላ፣ ለወንጭፍ፣ ለወጥመድና ለውሻ ቀረ፤ ባለቤቶቹም እረኞችና ገበሬዎች ሆኑ። የእነርሱን ሥራ ደግሞ ጸሓፊ አልተከተለውም።

ሁለተኛው ምክንያት የምግብ ሕግ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሽኮኮና ጥንቸል ሰኮናቸው ስንጥቅ ስላልሆነ ከማይበሉት ተቈጥረዋል፤ የኦርቶዶክስ ምእመናንም ይህን ጠብቀው ኖረዋል። ድኩላና ሚዳቋ ግን የሚያመሰኩና ሰኮናቸው የተሰነጠቀ ስለሆነ ይበላሉ። በእስልምና በኩል አብዛኞቹ ሊቃውንት ጥንቸልን ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ በተጻፈ ሕግ ብቻ አይፈታም። እ.አ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቈየው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ሽኮኮ በሰፊው ሲጽፍ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሥጋውን እንደማይበላ ገልጿል። ስለዚህ ልማድ ከመጽሐፍ አልፎ ሁለቱንም ወገን ይገዛ እንደ ነበረ እንረዳለን።

የወሎ ኑሮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውርጌሳ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤታሞች ናቸው፤ በደስታም በኀዘንም አይለያዩም። ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ሚዳቋ ለሁለቱም የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን አብረው ቢያባርሩትም እንኳ፣ ካራውን የያዘው ማን ነው፣ ሲያርድስ በማን ስም ባረከ የሚለው ጥያቄ የሥጋውን ዕጣ ይወስናል። እኛ ራሳችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፣ አንድ የውጭ አገር መምህር ያደነውን ጥንቸል አሠርቶ በገበታ አቀረበልን። ከክርስቲያኖቹ አንድም የቀመሰ አልነበረም፤ እስላሞቹም አራጁ ማን እንደ ሆነ ስላላወቁ እጃቸውን ሰበሰቡ። መምህሩ እንደ ንቀት ቈጥሮት አዘነ። እኛም ምክንያቱን ማስረዳት አልቻልንም፤ ምናልባት የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ከትንንሾቹ አራዊት መካከል በንግድ ታሪክ ስሙ የሚነሣ አንድ አለ፤ እርሱም ጥርኝ ነው። ከእናርያና ከአካባቢው የሚመጣው ዝባድ በከብት ቀንድ እየታሸገ በሲራራ ነጋዴዎች እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ጥርኝ ግን የሚያዘው ከነሕይወቱ ነው፤ በጎጆ ታስሮ ዝባዱ በየጊዜው ይጠረግለታል እንጂ ለሥጋው አይገደልም። ጥርኝ የተጻፈለት ስለተሸጠ ነው፤ ጃርት ሳይጻፍለት የቀረው ስላልተሸጠ ነው።

ለገበሬው ግን ጃርት ትንሽ ነገር አይደለም። በሌሊት መጥቶ በቆሎውን ይጥላል፣ ሥራሥሩን ይቈፍራል። ገበሬው ጉድጓዱን በጭስ ሲያጥን ወይም ወጥመድ ሲያኖር አዳኝ ነኝ ብሎ ሳይሆን አዝመራዬን ልጠብቅ ብሎ ነው። የመንግሥት ሕግ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በ1936 ዓ.ም. ስለ አራዊት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ወጣ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ትልቅና ትንሽ ሳይለይ የዱር እንስሳትን በጥበቃው ሥር አድርጎ ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ። አራዊት እያነሱ በሄዱበት ዘመን ጥበቃው ተገቢ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ለክብር ወይም ለትርፍ የሚያድነውና ማሳውን የሚከላከለው በአንድ ሚዛን ቢመዘኑ፣ ፍርዱ ታሪክን ያልጠየቀ ፍርድ ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ በላይ እንዳየነው፣ ትንሹ አደን ያልተጻፈው ስላልነበረ አይደለም፤ የሚያሸልም፣ የሚሸጥ ወይም ለሁሉም ገበታ የሚሆን ስላልነበረ ነው። መዝገቡ የሽማግሌዎች ትዝታ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ ያልፋሉ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ስለ ዝሆን ገዳዮች ብቻ ሳይሆን፣ ማማ ላይ ሆነው ሌሊቱን ስለሚጠብቁትም ብንጠይቅ፣ ለታሪክ ትምህርታችን ትልቅ ጥቅም ያለው ይመስለናል።