የልጅ ልጅ ለሚያሳድጉ አያቶች ደመወዝና ሥልጠና ይገባልን?

ከተሞቻችን እየሰፉ፥ እናቶችም ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ፋብሪካ እየገቡ በሄዱ መጠን፥ «በቤት የቀረውን ሕፃን ማን ይጠብቀው?» የሚለው ጥያቄ ከቤተ ሰብ ጉዳይነት አልፎ የሕዝብ ጉዳይ ሆኗል። በብዙው ቤት መልሱ አንድ ነው፤ አያት ትጠብቀው። መልሱ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በሌሎች አገሮች ግን አንዳንድ መንግሥታት ለአያቶች አበል መስጠትና ትምህርት ማስተማር ጀምረዋል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩ ለአገራችን ይበጅ ወይም አይበጅ እንደ ሆነ ከታሪክ በኩል ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። «ሞግዚት» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ቀድሞ በመኳንንት ቤት ሕፃን ታቅፋ ታሳድግ የነበረችውን ሴት፥ ዛሬም በከተማ በደመወዝ የምትቀጠረውን ሠራተኛ ያመለክታል። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ጥቅም የሚጠብቀውን ሰው በዚሁ ስም ጠርቶታል። አያት ሁለቱንም ሥራ ስትሠራ ትገኛለች፤ በሁለቱም ስም ግን እምብዛም አትጠራም።

ይኸው ሕግ ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ በሕጋችን አያትና የልጅ ልጅ አንዱ ለሌላው ባለ ዕዳ ናቸው። ነገር ግን ዕዳው የሚታሰበው ለተቸገረው ቀለብ በመስፈር ነው እንጂ ለደከመው የድካሙን ዋጋ በመክፈል አይደለም።

የአያት ሞግዚትነት በታሪካችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በጎንደር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በሕፃንነቱ በነገሠ ጊዜ ዘውድ ደፍተው ከእርሱ ጋራ መንግሥቱን መሩ። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ፤ እቴጌይቱም የሞግዚትነቱን ሥልጣን ያዙ። ይሁን እንጂ የኢዮአስ እናት ውቢት በሕይወት ነበረች። የሕፃኑ ነገር ለእናት ነው ወይስ ለአያት የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ የምንትዋብ ወገንና የውቢት ወገን በሥልጣን ተፎካከሩ። በመካከሉ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጥተው ኀይሉን ሁሉ በእጃቸው አደረጉ፤ ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. ተገደለ። የቤተ መንግሥት ታሪክ ለድኻ ቤት ልክ ምሳሌ እንደማይሆን እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የአያት ኀላፊነት ወሰኑ ካልታወቀ ከእናት ጋራ መጋጨቱ የማይቀር መሆኑ ነው።

በገበሬው ዘንድ የአያት ድካም በገንዘብ ባይከፈልም ያለ ዋጋ ቀርቷል ለማለት አይቻልም። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ በነበረው የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ በእጃቸው ያለው ርስት የጧሪ ቀባሪ ዋስትናቸው ነበር። ዛሬ የልጅ ልጁን ያቀፈች አያት ነገ በዚያው ልጅ እንደምትጦር ታምናለች፤ እምነቷንም መሬቱ ያጸናላታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ብዙ ጭሰኛ ከባርነት የማይሻል ኑሮን ተሰናበተ። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ አሮጌዎቹ መሬትን እንደ ወደዱ የመስጠትና የመንሳት ሥልጣናቸው ቀነሰ። ወደ ከተማ መጥታ በልጇ ቤት የተቀመጠችው አያት ደግሞ ከመጀመሪያውም መሬት የላትም። እንግዲህ የቀድሞው ዋጋ ጠፍቶ አዲስ ዋጋ ሳይተካለት ሥራው ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ሥራውም እየከበደ ሄዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሰጥቷል። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ሆኖም ዕረፍቱ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ጡት ያልተወ ነው። የኤድስ በሽታ ወላጆችን በገደለ ጊዜ፥ ወጣት እናቶችም ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ በሄዱ ጊዜ፥ አያቶች ረዳቶች መሆናቸው ቀርቶ ዋናዎቹ አሳዳጊዎች ሆነዋል።

በሠፈራችን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ደመወዝ ቢሰጥዎት ይቀበላሉን ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ለገዛ ደሜ ደመወዝ ብቀበል ሰው ምን ይለኛል?» አሉን። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፥ «ግን ልጆቹን ለመያዝ ስል ጉልቴን ትቻለሁ፤ ዛሬ ለዕድሬ የምከፍለውን ከልጄ ነው የምለምነው» ሲሉ ጨመሩ። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ጥያቄ ቁም ነገር ሁሉ በእኒህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ይገኛል።

አሁን ስለ ሥልጠናው እንናገር። በአገራችን ሴቶችን ለእንክብካቤ ሥራ የማሠልጠን ታሪክ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ስለ መሠረታዊ ጤና ጥበቃ ጉባኤ ከተደረገ ወዲህ በብዙ አገሮች እንደ ሆነው ሁሉ፥ በአገራችንም የልምድ አዋላጆች ሥልጠና ተሰጣቸው። ትምህርት አገኙ፤ ደመወዝ ግን አላገኙም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር መንግሥት 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን መርጦ ለአንድ ዓመት አሠለጠነ፤ በየቀበሌውም ሁለት ሁለት አድርጎ በደመወዝ መደባቸው፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በኋላም የሴቶች የልማት ሠራዊት በሚባለው ድርጅት ብዙ እናቶች ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስተምሩ ተሰለፉ፤ እነዚህ ግን እንደ ገና ያለ ክፍያ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር ይህ ነው። የተከፈላቸው ሴቶች በየጊዜው ተቈጣጣሪ፥ መሣሪያና የሥራ መዝገብ አገኙ። ያልተከፈላቸው ግን ምስጋና አገኙ፤ ሥራቸውም በገዛ ቤታቸው ኑሮ ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆነ። ስለዚህ «አያቶችን እናሠልጥን፤ ክፍያው ግን ይቅር» የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ከዚህ በፊት የተሞከረውን መድገም ነው።

ሥልጠናው አያስፈልግም ግን አንልም። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፥ እንጥል ማስቈረጥ፥ የወተት ጥርስ ማስነቀል በብዙ ስፍራ በአሮጊቶች ምክር ሲፈጸሙ የኖሩ ልማዶች ናቸው፤ ሕፃናትንም ለበሽታ አጋልጠዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዶችን በቅጣት ከልክሏል። ቅጣት ግን የተሻለውን መንገድ አያሳይም፤ የሚያሳየው ትምህርት ነው። ደግሞም አስተማሪዋ የ20 ዓመት ወጣት፥ ተማሪዋ ሰባት ልጅ ያሳደገች እናት ስትሆን፥ ትምህርቱ በአክብሮት ካልቀረበ ተቀባይነት አያገኝም። ተረት፥ ምርቃት፥ ቋንቋና ግብረ ገብ ከአያት የሚገኙ ናቸው። በዚህ በኩል ተማሪ መሆን የሚገባው ሠልጣኟ ሳትሆን አሠልጣኟ ናት።

የሌሎች አገሮች ሥራ ምን ያሳያል? በእንግሊዝ አገር ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጡረታ ያልደረሰ አያት ከ12 ዓመት በታች የሆነ የልጅ ልጁን ቢጠብቅ ለጡረታው መዋጮ እንደ ከፈለ ሆኖ ይቈጠርለታል፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አይሰጠውም። በሀንጋሪያ ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ ወላጆች ሥራ ላይ ሲሆኑ ጡረታ ያልወጣ አያት የሕፃን አሳዳጊነቱን አበል በስማቸው ፈንታ እንዲቀበል ተፈቅዷል። የሶል ከተማ አስተዳደር ደግሞ በመስከረም 2023 ከ24 እስከ 36 ወር የሆነ ሕፃን በወር ቢያንስ 40 ሰዓት ለሚጠብቁ አያቶችና የቅርብ ዘመዶች 300,000 ዎን መስጠት ጀመረ፤ ይህም የቤተ ሰቡ ገቢ ከተወሰነው መጠን ሳያልፍ ነው። ሦስቱም በመጠን ቢለያዩ፥ ሕፃን መጠበቅ ሥራ መሆኑን በማመን ይተባበራሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ገንዘብ ፍቅርን ያረክሳል የሚል ነው። ነገር ግን መምህር ደመወዝ በመቀበሉ ለተማሪው ያለው ፍቅር እንደማይጐድል ሁሉ፥ አያትም የዕድሯን ገንዘብ ሳትለምን ብትከፍል ፍቅሯ አይቀንስም። ሁለተኛውና የሚከብደው ተቃውሞ ግን የአገር አቅም ነው። የእንግሊዝና የኮርያ ግምጃ ቤት ያለውን እኛ የለንም፤ አብዛኞቹ አያቶቻችንም የጡረታ መዝገብ ውስጥ የሉም። ለአያት ሁሉ ደመወዝ ይሰጥ ማለት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር ነው።

ስለዚህ እኛ የምንደርስበት ፍርድ መካከለኛ ነው። ክፍያው ወላጅ በሞተባቸው ወይም በተለያቸው ቤቶች ብቸኛ አሳዳጊ ከሆኑት አያቶች ይጀምር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር በተቋቋመው የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ ቀጥታ ርዳታ ያገኛሉ፤ ግን ርዳታው የሚሰጣቸው ስለ ደካማነታቸው ነው እንጂ ስለ ሥራቸው አይደለም። በዚያው መዝገብ ላይ የሚያሳድጓቸው ልጆች ተጽፈው ተጨማሪ አበል ቢታሰብላቸው፥ ስሙም የምጽዋት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ቢባል፥ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ለቀሩት ደግሞ ደመወዙ የሚወጣው ከመንግሥት ሳይሆን፥ በእናትየዋ ገቢ ከምትጠቀመው ከገዛ ቤተ ሰባቸው ነው። ሥልጠናው በጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በኩል በየቀበሌው ይሰጥ፤ አያትየዋ ብቻ ሳትሆን እናትየዋም አብራ ትቀመጥ። የሁለቱ ኀላፊነት የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ በአንድ ላይ ካልተማሩት የጎንደሩ ጠብ በየጎጆው መደገሙ አይቀርም።

በልማድ «አያት ያሳደገው» የሚባለው ለቅምጥል ልጅ ነው። ነገር ግን በዚህ ኮሌጅ ከሚማሩት መካከል አያት ያሳደገቻቸው ጥቂቶች አይደሉም። የእነርሱ ትምህርት በከፊል የማን ዕዳ እንደ ሆነ ቢያስቡ፥ ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤታቸው ይገባል።