አሮጌው መላጊያ ወይስ አዲሱ?

የእንጨት ሥራ የሚማር ሰው አሮጌ መላጊያ ሲሰጠው ቅር ይለዋል። «ይሄ ዝገታም ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ታሪኩን ቢያውቅ ግን እንዲህ ባላለ ነበር።

መላጊያ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከሮማውያን ከተማ ከፖምፔይ ሳይቀር ተቆፍሮ ወጥቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዘመን አካሉ ከእንጨት ይሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሊዮናርድ ቤይሊ የሚባል አሜሪካዊ የብረቱን መላጊያ አሻሻለ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1869 የስታንሊ ኩባንያ ገዛው። ከዚያ በኋላ በአንድ እጅ የሚያዘው ትንሹ መላጊያ በየአናጺው ሳጥን ገባ።

የትንሹ መላጊያ ዋና ሥራ በመጋዝ የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ማለስለስ ነው። ስለቱ ዝቅ ብሎ፣ የተሳለው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይተኛል። በስታንሊ ቁጥር 60½ ላይ አተኛኘቱ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለቱ በ25 ዲግሪ ከተሳለ እንጨቱን የሚያገኘው በ37 ዲግሪ ነው ማለት ነው።

ታዲያ አዲሱ በምን ይበልጣል? እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው ሊ ኒልሰን ያንኑ የድሮ ንድፍ ተከትሎ ስለቱን አወፈረው፣ አካሉንም ቢወድቅ በቀላሉ ከማይሰበር ብረት ሠራው። የድሮው ብረት ሲወድቅ ይሰነጠቃል። አሠራሩ ግን ያው ነው።

ስለዚህ አሮጌ መላጊያ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ አፉ አካባቢ ስንጥቅ እንዳለው እዩ። ከሌለው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ስለቱን በደንብ ሳሉ። ስለቱ ከዶለዶመማ አዲሱም አይልግም!