ከድግስ የተረፈ ብቅልና ጌሾ

በዓሉ አለፈ፤ ጠላው ተጠጣ፤ ጋኑም ታጠበ። ከጥንስሱ የተረፈው ብቅልና ጌሾ ግን "ለሚቀጥለው ይሆናል" ተብሎ በፌስታል ታስሮ ጓዳ ተቀምጧል። ለመሆኑ ይሆናል ወይ? የመጠጥ ታሪክ ሲነሣ የነገሥታቱ ግብር ይወራል። እኔ ግን ግማሹ ታሪክ ያለው ጓዳ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ጠመቃ ከመጥመቁ በፊት ማቆየት ይጠይቃልና።

ከብቅል እንጀምር። ገብሱ ወይም ስንዴው ይነከራል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ በሦስት ቀን ገደማ ይበቅላል። እዚያው ቢተው ይበሰብሳል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መድረቁ ቡቃያውን ያቆመዋል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡትን ኢንዛይሞች ግን አያጠፋቸውም፤ ውኃ እስኪያገኙ ያስተኛቸዋል። ኢንዛይም የሚባል ቃል ሳይሰሙ ሴት አያቶቻችን ይህን ሲሠሩ ኖረዋል።

ጌሾም ይደርቃል፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ በአብዛኛው ለጠጅ። በአውሮፓ የዚህ ቦታ የሆፕ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዕፅ አይደሉም፤ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል። ጀርመናዊቷ መነኩሲት ሂልደጋርድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሆፕ መራራነት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የባቫርያ ሕግ ለቢራ ገብስ፣ ሆፕና ውኃ ብቻ ሲፈቅድ እርሾን አልጠቀሰም። እ.ኤ.አ. በ1876 ሉዊ ፓስተር ቢራን የሚያበላሹት ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን በመጽሐፍ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገኑ ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ እርሾ ለይቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ እርሾም ለብቻው የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። በእኛ ጠላ ግን እርሾው ዛሬም ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ጋር አብሮ ይመጣል። 

ታሪኩ ለፌስታላችን ምን ይለዋል? ጠላቶቹ ያኔም ዛሬም እርጥበት፣ ሙቀት፣ አየርና ብርሃን ናቸው። ያልተፈጨ ብቅል ከተፈጨው ብዙ ይቆያል፤ ሲፈጭ አየር በየት በኩል እንደሚገባው አትጠይቁኝ፣ በሁሉም በኩል ነው። ጌሾውም ካልተወቀጠ ሽታው ቶሎ አይሄድም። ስለዚህ ለድግሱ የሚበቃውን ብቻ መፍጨትና መውቀጥ፣ የቀረውን በደንብ አድርቆ ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ። ፍሪጅ ከገባም በደንብ ይታሸግ፤ አለዚያ እርጥበት ይስባል። የነቀዘውን ታዩታላችሁ፤ የሻገተውን ግን "ይፈላል፣ ምን ይሆናል" አትበሉ። ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ይጣል።

የሆፑን ነገር ሂልደጋርድ ጻፈችልን፤ የጌሾውን ጉዳይ የሚያውቁት ግን በአብዛኛው በቃል ነው የያዙት። ብቅሉ መድረቁን በጥርስ ሰብረው፣ ጌሾው መልካም መሆኑን አሽተው ይለያሉ። ጎታው ኮንዶሚኒየም አልገባም፤ ዕውቀቱም ደጅ እንዳይቀር እፈራለሁ። ብቅልና ጌሾ ደርቆ ይቆያል። በቃል ያለ ዕውቀት ግን የሚቆየው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። እስኪ በዚህ ሳምንት እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁና ጻፉት።