ክትባቱ ቆመ፣ ክትትሉ ቀጠለ

አያታችን ስማችንን ከአጎታችን ስም ጋር ሲያምታቱ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ ግን ነገሩ እርጅና ብቻ ሳይሆን አልዛይመር የተባለ የአንጎል በሽታ ነው። ዛሬ ለዚህ በሽታ ተሞክሮ ስለቀረ አንድ ክትባት እናውጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1999 ዴል ሼንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ አስደናቂ ነገር አሳተሙ። በሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን አይጦችን ከተቡበት። የአይጦቹም ሰውነት ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ቆጥሮ ከአንጎላቸው ጠረገው። ዓለም ተስፋ አደረገ። ኤላን የተባለው የአየርላንድ ኩባንያ ኤኤን-1792 ያለውን ክትባት ይዞ በብሪታንያ 80 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ጀመረ። በ2001 ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ 372 ሕሙማን ወዳሉበት ሙከራ አለፈ። ከእነዚህ 300ው ክትባቱን፣ የቀሩት ማስመሰያውን ተወጉ።

አይጦቹ ደህና ነበሩ። ሰው ግን አይጥ አይደለም። ከተከተቡት መካከል 18ቱ አንጎላቸውና የአንጎላቸው ሽፋን ተቆጣ፤ ማስመሰያውን ከወሰዱት ግን አንድም አልታመመም። 12ቱ ሲያገግሙ በ6ቱ ላይ ዘላቂ ጉዳት ቀረ። በ2002 መጀመሪያ ላይ መርፌው ቆመ።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። የብሪታንያ ሐኪሞች ግን የመጀመሪያዎቹን 80 ሕሙማን አልተዉአቸውም። ለዓመታት ተከታተሏቸው፤ ሲሞቱም በፈቃድ አንጎላቸውን መረመሩ። በ2008 ያወጡት ውጤት አንገት የሚያስደፋ ነበር፦ የአንዳንዶቹ አንጎል ከክምችቱ ጸድቶ ሳለ ሰዎቹ የሞቱት ማንንም መለየት በማይችሉበት ደረጃ ደርሰው ነው። በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ ከክትባቱ 14 ዓመት በኋላ እንኳ ጸድቶ የቆየ አንጎል እንዳለ አሳየ።

እንግዲህ ጉዳቱ በወራት ታየ፤ አንጎልን ማጽዳት ብቻውን እንደማያድን ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጀ። በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብም ያንኑ ፕሮቲን ይጠርጋል፤ በሽታውን በመጠኑ ያዘገያል እንጂ አያድንም። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል ተጠቃሚዎቹ በኤምአርአይ ይታያሉ። ዋናው ሙከራው 18 ወር ነበር የፈጀው፤ በሽተኛው ግን ከበሽታው ጋር ዓመታት ይኖራል።

ስለዚህ «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና ስናይ ደስ ይበለን፤ ግን «ስንት ዓመት ተከታተላችኋቸው?» ብለንም እንጠይቅ።